መውደቅን እንደ አዲስ መማር

ልጆቼ፣

ባለፈው ሐሙስ ልምምድ ጨርሰን ፍራሾቹን ስናነሳ ከመካከላችሁ አንዱ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ በአንድ ሙያ አንቱ የተባለ ሰው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ሌላ ነገር ውስጥ ቢገባ ስሙን አያበላሽም?» ብሎ ጠየቀኝ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲባል እየሰማ ላደገ ልጅ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለምና በችኮላ ልመልስለት አልፈለግሁም። ቤት ገብቼ እራቴን ስበላ አንድ ሰው በሐሳቤ ድቅን አለ፤ ሌሊቱንም አልለቀቀኝም። ተጋጣሚን ከክብ ገፍቶ በማስወጣት ወይም በመጣል በሚሸነፍበት የጃፓን ትግል፣ በሱሞ፣ ስሙ የገነነው አኬቦኖ ነው። የእሱን ነገር ለሁላችሁም ልጻፍላችሁ ብዬ ተነሳሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

አኬቦኖን ያወቅሁት በካሴት ነው። ጁዶ ያስተማረኝ ጃፓናዊ በጎ ፈቃደኛ አገሩ ከገባ በኋላም አልረሳኝም፤ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ የቪዲዮ ካሴት ይልክልኝ ነበር። የጁዶው ግጥሚያ ሲያልቅ በሚተርፈው ቦታ ላይ ሱሞ ይቀዳልኛል። ያንን 2 ሜትር ከ3 ሳንቲም የሚረዝም፣ ክብደቱ ከ200 ኪሎ የሚያልፍ ሰው መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ላይ ነው። እግሩ ረጅም ነው። በሱሞ ረጅም እግር እንደ ጸጋ አይቆጠርም፤ ዝቅ ብሎ ከሥር የገባበት ሰው በቀላሉ ያነሳዋል። እሱ ግን ክንዱን መሣሪያ አደረገው። ገና ከመነሻው ሁለት መዳፉን እያፈራረቀ ደረትና ጉሮሮ ይገፋል፤ ተጋጣሚው ወገቡን ሳይጨብጠው ራሱን ከክቡ ውጭ ያገኘዋል። አስታውሳለሁ፣ አንዷን ግጥሚያ ካሴቱ እስኪሸረሸር ድረስ እየመለስሁ አይቻታለሁ።

የእናት የአባት ስሙ ቻድ ሮዋን ነው። በ1969 ሃዋይ ውስጥ ዋኢማናሎ በሚባል ቦታ ተወለደ፤ በወጣትነቱ ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር። በ1988 ወደ ቶኪዮ ተሻግሮ አዙማዜኪ የተባለው የሱሞ ቤት ገባ። የቤቱ አለቃ ታካሚያማ ራሱ የሃዋይ ልጅ ነው፤ በ1972 የላይኛውን ምድብ ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው የውጭ ተወላጅ እሱ ነበር። የሱሞ ቤት ሕግ ከወታደር ቤት ይጠብቃል። አዲስ ገቢ ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል፣ ይጠርጋል፣ ያበስላል፣ የታላላቆቹን ጀርባ ያጥባል፤ ምግብ የሚቀርበው እነሱ በልተው ሲነሱ ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር የሚታወቀው ከላይ ወዳሉት ሁለት ምድቦች ሲወጣ ብቻ ነው። ይህ የ18 ዓመት ልጅ ቋንቋውን ሳያውቅ፣ ምግቡን ሳይለምድ፣ ከእሱ ባነሱ ልጆች እየታዘዘ ሱሞን ከሥሩ ጀመረ። ይህቺን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ጫፍ ደረሰ። በጃንዋሪ 1993፣ በ23 ዓመቱ፣ 64ኛው ዮኮዙና ሆነ፤ ከጃፓን ውጭ ተወልዶ ለዚህ የበቃ ከእሱ በፊት ማንም አልነበረም። ከዮኮዙና በላይ ማዕረግ የለም። ወደ ታች መውረድም የለም። ሌላው ተጋጣሚ ሲሸነፍ ደረጃው ይቀነሳል፤ ዮኮዙና ካቃተው ግን ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ መሰናበት። አኬቦኖ 11 ጊዜ ዋንጫ አነሳ። ከእሱ ጋር በአንድ ወር ሱሞ ከጀመረው ከታካኖሃና ጋር በመደበኛው ውድድር 42 ጊዜ ተገናኝተው 21 ለ21 ነው የተለያዩት። በ1998 የናጋኖ የክረምት ኦሊምፒክ ሲከፈት በዮኮዙና ሥርዓት ነጩን ገመድ ታጥቆ፣ እግሩን ወደ ሰማይ አንስቶ መሬቱን የረገጠው እሱ ነበር። ጉልበቶቹ ግን ያንን ሁሉ ክብደት መሸከም አቃታቸው። በኖቬምበር 2000 የመጨረሻውን ዋንጫ አንስቶ በጃንዋሪ 2001፣ በ31 ዓመቱ ተሰናበተ።

ከዚያ በኋላ በሱሞ ማኅበር ውስጥ አሠልጣኝ ሆኖ ተቀመጠ። የተከበረ ኑሮ ነው፤ ቢፈልግ እዚያው ያረጃል። በኖቬምበር 2003 ግን ማኅበሩን ለቆ ኬ-ዋን ወደሚባለው የቡጢና የእርግጫ ፍልሚያ ገባሁ አለ። ለምን እንደሄደ ብዙ ተወርቷል። በሰው ኪስና በሰው ልብ ገብቼ አልፈርድም።

የዚያ ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ ዲሴምበር 31፣ ናጎያ ላይ ከአሜሪካዊው ቦብ ሳፕ ጋር ገጠመ። ጃፓኖች በዚያ ሌሊት በየቤቱ ተሰብስበው የብሔራዊውን ጣቢያ የዘፈን ውድድር ማየት የቆየ ባህላቸው ነው። ያን ዕለት ግን ለጥቂት ደቂቃ የፍልሚያው ተመልካች ከዘፈኑ በለጠ። ታዲያ በእነዚያ ደቂቃዎች ምን አዩ? ያ መሬት የረገጠ ሰው በመጀመሪያው ዙር በቡጢ ተመትቶ በፊቱ ተደፋ። እጁ ከጎኑ እንደተዘረጋ፣ ጉንጩ ሸራው ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። ምስሉን ያየሁት ከወራት በኋላ ነው፤ አንጀቴን በላኝ። ያን ጊዜ ያዘንሁት ስለ ሽንፈቱ አልነበረም፤ ሽንፈት የስፖርት እንጀራ ነው። ያሳዘነኝ አወዳደቁ ነው። ያ ሰው እንዴት እንደሚወደቅ አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላም በኬ-ዋን ደጋግሞ ተሸነፈ፤ ያሸነፈው አንዴ ብቻ ነው። ቡጢ፣ እርግጫና ትግል በሚቀላቀልበት በድብልቅ ፍልሚያም አራት ጊዜ ገጥሞ አራቱንም ተሸነፈ። ጋዜጦች ዘበቱበት። ብዙ ሰው «ስሙን አበላሸ» ያለው ያኔ ነው፣ ልክ እንደ ጠያቂያችን።

እኔ ግን እንዲህ አየዋለሁ። ጥፋቱ ሙያ መለወጡ አይደለም። ስሙን ይዞ ገባ እንጂ ተማሪነቱን ይዞ አልገባም። ከኖቬምበር እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። አሥራ ሦስት ዓመት ሲገፋ የኖረ ሰው በሁለት ወር ቡጢ መመለስን እንዴት ይማራል? አዘጋጆቹም ጊዜ አልሰጡትም፤ የሚሸጠው ስሙ ነበርና ስሙ ሳይቀዘቅዝ ገበያ አወጡት። ዮኮዙና የሚለው ማዕረግ በሱሞው ክብ ውስጥ ትልቅ ጉልበት ነው። ከክቡ በወጣህ ማግሥት ግን ቲኬት ይሸጥልሃል እንጂ ቡጢ አይመልስልህም።

እዚህ ላይ ስለ መውደቅ ትንሽ ላውራ፤ ይህ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው።

እናንተ እዚህ ቤት ስትመጡ በመጀመሪያው ወር ማንንም አልጣላችሁም፤ ስትወድቁ ነው የከረማችሁት። አገጭ ወደ ደረት ይጠጋል፣ ዓይን መቀነታችሁን ያያል፣ ጀርባ ይጎብጣል፤ ጀርባችሁ ፍራሹን በሚነካባት ቅጽበት እጃችሁ ከብብታችሁ ትንሽ ራቅ ብሎ ከመዳፍ እስከ ክርን መሬቱን በአንድ ጊዜ ይመታል። ትንፋሽም አብሮ ይወጣል። እጁ በግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ድንጋጤው ወደ ጭንቅላት ይሄዳል። ጃፓኖች ኡኬሚ ይሉታል፣ መቀበል እንደማለት ነው። መሬትን መቀበል።

በሱሞ ግን ነገሩ ግልባጭ ነው። ክቡ ስፋቱ 4.55 ሜትር ብቻ ነው። ከእግርህ ጫማ በስተቀር የትኛውም የሰውነትህ ክፍል፣ የጣትህ ጫፍ እንኳ፣ መሬት ከነካ ተሸነፍህ። እርግጥ በልምምድ ላይ ተገፍቶ መንከባለልን ይማራሉ፤ በውድድር ላይ ግን ሁሉ ነገር ያለመውደቅ ነው። አንድ ሰው ከ18 ዓመቱ ጀምሮ ጡንቻው፣ ጅማቱ፣ እንቅልፉ ሳይቀር «አትውደቅ» እየተባለ ተሠርቶ ሲያበቃ፣ በሌላ ሙያ ደጃፍ ላይ የመጀመሪያው ትምህርት «ውደቅ» ሲሆን አስቡት። አኬቦኖ በኋላ የገባበት ሬስሊንግ የሚጀምረው በዚህ ነው።

ሬስሊንግ ስል አንዳንዶቻችሁ ትስቃላችሁ፤ «ጋሼ፣ እሱኮ ውሸት ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል፣ እውነት ነው። መሬቱ ግን ውሸት አይደለም። ከዚያ ሸራ ሥር ያለው ስስ ስፖንጅ ነው፣ ከስፖንጁ ሥር ጣውላ፣ ከጣውላው ሥር ብረት። 200 ኪሎ ሰው በጀርባው እዚያ ላይ ሲወድቅ አከርካሪው አብሮ አይተውንም። በዚያ ላይ የምትጥለው ሰው ነፍሱን በእጅህ ሰጥቶሃል፤ ሳትጎዳው መጣል አለብህ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ጁዶ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ያልኩት ከዚህ አይለይም። ስለዚህ ይህን ሙያ አልንቀውም፤ እናንተም ባትንቁት ደስ ይለኛል።

አኬቦኖ መጀመሪያ ወደዚያ ዓለም ብቅ ያለው በኤፕሪል 2005 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ረስልማንያ 21 በተባለው ትልቅ የሬስሊንግ መድረክ ከአሜሪካዊው ሬስለር ከቢግ ሾው ጋር የሱሞ ግጥሚያ ተደረገላቸው፤ ቢግ ሾውም የሱሞ መታጠቂያ አሰረ። አኬቦኖ አሸነፈ። ያ ግን ገና የድሮ ልብሱን ለብሶ ነው፤ የሚያውቀውን ነው የሠራው። እውነተኛው መሻገር የመጣው በዚያው ዓመት ጃፓን ተመልሶ ኦል ጃፓን በተባለው የሬስሊንግ ድርጅት ውስጥ ከኬይጂ ሙቶ ጎን ሲሰለፍ ነው። ሙቶ በሬስሊንግ ዓለም ትልቅ መምህር ነበር። ሁለቱ እንደ አባትና ልጅ ሆነው በጥንድ ተጋጠሙ። ልጁ፣ ያ ዮኮዙና።

ሀስል በሚባል ሌላ ድርጅት ውስጥ ደግሞ ሞንስተር ቦኖ በሚል ስም ከእንቁላል የተፈለፈለ ሕፃን ሆኖ ይጫወት ነበር። ብዙ የሱሞ ወዳጅ ይህን ሲያይ አፍሯል። እኔም ያኔ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ሐሳቤ ተለውጧል። ናጎያ ላይ ሊወድቅ ያልቻለው ያ ሰው እዚህ ላይ መውደቅን ተምሮ ነው ሕፃን የሆነው። ደግሞ ስንቴ እንደወደቀ! በየከተማው ትንንሽ አዳራሽ፣ ጥቂት መቶ ሰው ፊት፣ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ እንደገና አውቶቡስ ላይ ይወጣል። ከእሱ ጋር በጥንድ የተሰለፈ ሪዮታ ሃማ የሚባል ሰው ነበር። ሃማ በሱሞ ደመወዝ ከሚከፈልበት ምድብ እንኳ አልደረሰም፤ በሱሞ ቤት ሕግ ቢሆን የአኬቦኖን ጀርባ የሚያጥብ ሰው ነው። በሬስሊንግ ግን የኦል ጃፓንን ትልቁን ማዕረግ፣ የሦስት ዘውድ ሻምፒዮናን፣ በ2010 ቀድሞት ወሰደ። አኬቦኖ ይህን አይቶ ጥሎ አልሄደም። ሦስት ዓመት ጠበቀ።

በኦክቶበር 27፣ 2013 ተራው ደረሰ። ሱዋማ የሚባለውን ሬስለር አሸንፎ የዚያን ማዕረግ ቀበቶ ታጠቀ፤ 44 ዓመቱ ነበር። ቦታው ሪዮጎኩ ኮኩጊካን ነው። ቶኪዮ ያለው የሱሞ አዳራሽ። በጃንዋሪ 1993 ወደ ዮኮዙናነት ያሻገረውን ዋንጫ ያነሳበት፣ ሲሰናበት ጸጉሩ የተቆረጠበት ቤት ነው። አፈሩ የነበረበት ቦታ ላይ ጣውላና ገመድ ቆሞ፣ በዚያ ጣራ ሥር በጀርባው እየወደቀ አሸነፈ። ዜናውን የነገረኝ ያው የድሮ መምህሬ ነበር፤ በስልክ። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ዝም አልን።

ከእሱ በፊት ይህን መንገድ የሄዱ አሉ። ዋጂማ 14 ዋንጫ ያነሳ ዮኮዙና ነበር፤ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ከሱሞ ማኅበር ወጣና በ1986፣ በ38 ዓመቱ ሬስሊንግ ጀመረ። ሁለት ዓመት ሠርቶ ተወው። ዕዳ ከኋላ እየገፋው የሚሻገር ሰው ለመማር ፋታ አያገኝም፤ ስለዚህ ነው ገንዘባችሁን ገና በደኅናው ጊዜ አጥብቃችሁ ያዙ የምላችሁ። ቴንሪዩ ደግሞ የዮኮዙናን በር አላየም፤ መካከለኛ የሱሞ ሰው ነበር። በ1976 በ26 ዓመቱ ወጣ፣ አሜሪካ ቴክሳስ ተልኮ ሬስሊንግን ከሥሩ ተማረ፣ በ2015 በ65 ዓመቱ እስኪሰናበት ድረስ ሠራበት። የወረደበት ደረጃ አጭር ስለነበር መማሩ ቀለለው መሰለኝ። ከፍ ብሎ ለነበረ ሰው ይከብዳል። ስለዚህም ነው አኬቦኖን ከሁሉም አብልጬ የምወደው።

ይህን ሁሉ የማወራው ከሩቅ አይቼ ብቻ አይደለም። በ52 ዓመቴ ዳሌዬ አልታዘዝ ሲለኝ ማስተማሩን ለጊዜው አቁሜ በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ተቀጠርሁ። ሰው ያከብረኛል፣ ዘበኛው ሳይቀር «ማስተር» ይለኛል። ዕቃው ሁሉ በኮምፒውተር ነው የሚመዘገበው፤ እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም። እንድታሳየኝ የተመደበችው ልጅ 24 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያው ቀን አጠገቤ ቆማ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነው የሚጫኑት፤ አይ፣ እሱን አይደለም» ስትለኝ ጆሮዬ ጋለ። በማግሥቱ «ገብቶኛል» አልኋት። አልገባኝም ነበር። ገቢና ወጪውን በደብተር እየጻፍሁ፣ ሰው ሲወጣ ብቻዬን እየነካካሁ ሰባት ወር ቆየሁ። በዓመቱ ቆጠራ ላይ በመዝገብ ያለውና በመጋዘን ያለው አልተገናኘም። አንዲት ብሎን አልተሰረቀም፤ የጠፋው የእኔ አመዘጋገብ ነው። ልጅቱም ስለ እኔ ሦስት ሌሊት ቢሮ አደረች። በሦስተኛው ሌሊት ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥሁና «ልጄ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አሳይኝ፤ ምንም እንደማያውቅ ሰው» አልኋት። አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ማውዙ ላይ ያለውን እጄን በእጇ ይዛ አሳየችኝ። ሠላሳ ዓመት ሰው መውደቅን ያስተማርሁ ሰው፣ በዚያች ወንበር ላይ መውደቅ ሰባት ወር ፈጀብኝ። የዚያች ልጅ ውለታ እስካሁን አለብኝ።

ስለዚህ ለጠያቂያችን መልሴ ይህ ነው። ስምን የሚያበላሸው መሻገር አይደለም። በአዲሱ ቤት የድሮውን ወንበር መፈለግ ነው። አኬቦኖ በ18 ዓመቱ ያለ ቋንቋ ጠርጎ፣ አብስሎ፣ የተረፈውን በልቶ ያደገበት ያ ተማሪነት በ34 ዓመቱ አልነበረውም፤ ወደ 40 ሲጠጋ ግን መልሶ አገኘው። አንድ ሙያ ከዜሮ መማርን ያወቀ ሰው ሁለተኛውንም ይችላል፣ መጀመሪያ የተማረበትን ትሕትና ካልጣለው።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ሁለተኛው ሙያ የሚሠራው በዚያው በመጀመሪያው ሰውነት ነው። አኬቦኖ በ2014 ሳንባው ታምሞ ቀበቶውን ለመመለስ ተገደደ፤ በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ወሰደው፣ ብዙም ሳይቆይ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። በኤፕሪል 2017 በሥራ ጉዞ ላይ ሳለ ወደቀ፤ ይህኛው ኡኬሚ የማይመልሰው አወዳደቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዓመታት በሕክምና አሳልፎ በ2024፣ በ54 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ። ነፍሱን ይማር። 54 ዓመት ከእኔ ዕድሜ በብዙ ያንሳል። ጉልበታችሁ ሲያማችሁ ንገሩኝ። አሁን፣ በ17 እና በ20 ዓመታችሁ ንገሩኝ። «ጋሼ ሰነፍ ይለኛል» ብሎ ሕመምን መደበቅ የጀግና ሥራ አይደለም፤ በሁለተኛው ሙያችሁ ላይ የሚከፈል ብድር ነው።

ማክሰኞ አዲስ ሰው ይመጣል። 47 ዓመቱ ነው፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር፣ ጁዶ ነክቶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ብቻውን አስሞክሬው ነበር፤ አገጩን በደንብ ይይዛል፣ እጁን ግን አዘግይቶ ነው የሚመታው። ከአሥራ ሁለት ዓመቶቹ ልጆች ጋር በአንድ መስመር አቆመዋለሁ። አጠገቡ የምትሆኑት፣ እሱ እንዲያያችሁ ቀስ ብላችሁ ውደቁ።